የዘይቱ ሙቀት

ለጥጥ እርሻው ፀረ ተባይ የምትረጨው አብራሪ መካኒኩን ይርዳውን ማመን ካቆመች ሰነባብታለች። የእሷን ቦታ ለአጎቱ ልጅ ይመኘው እንደነበር ሰምታለች። ዛሬ ደግሞ ትንሿ አውሮፕላን ከመሬት እንደተነሳች የሞተር ዘይቱን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ወዲያው ተመልሳ አረፈች።

"ምን ዓይነት ዘይት ነው የጨመርክበት?" አለችው ገና ከመውረዷ።

"ወፍራሙን ነዋ። ለአዋሽ በረሃ ሙቀት ቀጭኑ አይሆንም።"

"እንግዲያው አብረኸኝ ውጣና እንብረር።"

ይርዳው አንገቱን ደፋ። "ምክንያቱን ሳላውቅ አልወጣም፤ አንቺም አትወጪም።"

"አሳምረህ ታውቀዋለህ" አለችው፤ ጥርጣሬዋ ቁርጥ ሆነ።

እሱ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ዘይቱን ከሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ፊት የተወተፈ ጨርቅ ጎትቶ አወጣ።

"ለአለቃ እናገራለሁ" ብላ ዞር ስትል፣ የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ የሆኑት አባቷ ከኋላዋ ቆመዋል።

"እሱን ተይው ልጄ" አሏት ቀስ ብለው። "ወንድምሽን ከነአውሮፕላኑ ከወደቀበት ለቅሜ ቀብሬአለሁ። ሙቀቱን አይተሽ ከመሬት የማትነሺ መስሎኝ ነው ጨርቁን የወተፍኩት።"