የእናቴ አልጋ

በእናቴ አልጋ ላይ ማንም አይተኛም፤ የታጠበ ልብስ አጣጥፈን የምናስቀምጠው እዚያ ነው። በሁለት ዓመቴ ኦፕራሲዮን ስሆን እንቅልፏን የሰጠችኝ እሷ ናት።

ድሮ ማደንዘዣ ተወግቶ በዚያው የሚቀር ብዙ ነበር። አሁን በሽተኛው የሚተኛው ከዘመዱ በሚወሰድ እንቅልፍ ስለሆነ ሁሉም ይነቃል። የሰጠ ሰው ግን፣ ሌላ ካልሰጠው በቀር፣ ዳግመኛ አይተኛም።

ዛሬ ጠዋት የእናቴ ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ሆስፒታል ወሰድኳት።

«ሰጪዋ ማን ነው?» አለ ነርሱ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። «ተይ ስንዱዬ፣ ሌሊቱ አይገፋም። እናንተ ስታንኮራፉ ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ልጮህ የደረስኩበት ጊዜ ስንት ነው!»

ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር።

«ታዲያ ስትሞቺ ቆሜ ልይሽ?» አልኳት።

ነርሱ ቀዝቃዛ ሽቦ ግንባራችን ላይ ለጠፈ። የእናቴ ዓይን በፍርሃት ፈጠጠ።

«ስንዱ፣ እንዴት ነበር የሚተኛው? ጠፋኝ እኮ!»

«ዓይንሽን ጨፍኚ እማ፤ ከዚያ ራሱ ይወስድሻል።»

ጨፈነች። ዓይኗ ተከድኖ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊቷ የማላውቃት ሴት ፊት መሰለኝ። ትንፋሿ እየረዘመ ሲሄድ ከዓይኔ ቆብ ላይ አንድ ክብደት ተነሣ።

ጠዋት አልጋዬን ሳላነጥፍ ነበር የወጣሁት። ቤት ስንመለስ አነጥፈዋለሁ። ልብሱንም ከእሷ አልጋ አንስቼ እዚያ አስቀምጠዋለሁ።