ማየት ብቻ

«ሕመምዎን ራስዎ ለሰው ተናግረው ረስተውት እንዳይሆን፣ አዴ ነፊሳ?»

ነፊሳ ምርኩዟን ሲሚንቶው ላይ ጓ! ታደርጋለች። እነዚህ የተማሩት ፊደል ያልቆጠረ ሰው አፉም የሚያፈስ ይመስላቸዋል። በሰባ ሰባት በሰፈራ ከወሎ መጥታ ኡኬ ላይ ባዶ መሬት ተሰጥቷት ቤት ያቆመች ሴት የገዛ ሕመሟን መያዝ ያቅታታል?

«ስማ ሌንጮ፣ እኔ ወንፊት አይደለሁም። ልብሽ ደክሟል ብሎ ሐኪሙ የነገረኝ ለብቻዬ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ሙሐመድኑር ከሲሬ አይሱዙ ይዞ ከች! ‹ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም› ብሎ ፍራሼን ሊጭን። በዚሁ ምርኩዝ ነው የመለስኩት። ማን ነገረህ ብለው፣ ካርድ ክፍል ያለችው በቀለች ከኮምፒውተሩ አይታ ነገረችኝ አለ።»

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ሠራተኛ ሌንጮ አንገቱን ያካል። «ለደግ ብላ ነው። ደግሞ እሷ ምንም መንካት አትችልም፣ የተፈቀደላት ማየት ብቻ ነው።»

«ማየት ብቻ! ቡዳስ የሚበላው አይቶ አይደል?»

ሌንጮ ሳይወድ ይስቃል። ነፊሳ አትስቅም። ዛሬ ሌላ ምርመራ አለባት፤ ውጤቱም እዚሁ ሌንጮ ፊት ያለው ሳጥን ውስጥ ሊገባ ነው። አይሱዙው ተመልሶ እንዲመጣ አትፈልግም። ይህ ነገር ሳይዘጋ ክንዴን ለመርፌ አልሰጥም ብላ ሐኪሙን ስትሞግተው ነው፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ ለሌንጮ ደውሎ «ዝጋው» ያለው።

ሌንጮ ይነካካል፣ ይጽፋል። ስትመዘገብ ያነሷት ፎቶ ድንገት ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ሻሿን ጠበቅ፣ አገጯን ቀና ያደረገች ሴት። ነፊሳ ትክ ብላ ታያታለች። ከቤቷ በአይሱዙ ተጭና የምትወሰድ ሴት አትመስልም።

«በቃ» ይላል ሌንጮ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «ካርድ ክፍልም ሆነ ሒሳብ ክፍል ከስም በላይ አያይም። ሕመሙን የሚያየው ያከመው ሐኪም ብቻ። የእርስዎን ብቻ አይደለም፣ የበሽተኛውን ሁሉ ነው የዘጋሁት። አሁንስ ‹ገለቶሚ› ብለው አያመሰግኑኝም?»

በመስኮቱ በኩል ወረፋ የያዘው ሰው ይታያል፤ ሕፃን ያዘለች፣ በቃሬዛ የተኛ፣ በጋቢ የተጠቀለለ። ለእነሱም ጭምር ያስዘጋችው እሷ ናት። ጀርባዋ ይቀናል።

ግን ፎቶዋ አሁንም ሌንጮ ፊት እንደተገተረ ነው።

«አንተስ፣ አታየኝም?»

«እኔማ የምዘጋው እኔ ነኝ፣ አዴ።»

«የሰው ቤት ከውስጥ ይዘጋል እንዴ? ከውስጥ ከዘጋህማ አብረኸኝ ልታድር ነው!» ምርኩዟን አንስታ ፎቶዋ ላይ ትቀስራለች። «ውጣና ዝጋ!»