የሰዓት ሠሪው ግብር

ሴትዮዋ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ የባሏን የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ግብር ልታሳውቅ ግብር መሥሪያ ቤት ሄደች። የባሏ አርባ ገና አልወጣም።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ደግ ሰው ነበር። "እትዬ፣ ነፍስ ይማር። ለምን ይቸገራሉ? 'ባለሙያው ስለሞቱ ሥራው ተቋርጧል' ብለው ይፈርሙና ፈቃዱን ይመልሱ። ከእንግዲህ ግብር የሚባል ነገር አይደርስብዎትም።"

"አልተቋረጠም" አለች ኮስተር ብላ። "ያለፈውንም የሚመጣውንም እከፍላለሁ። ፈቃዱን ብቻ በስሜ አዙርልኝ።"

ከኋላዋ የተሰለፉት ተሳሳቁ። "ሰው ከግብር ይሸሻል፤ እሷ ጭራሽ ታሳድደዋለች!" አለ አንዱ። ዞራም አላየችው።

ሠራተኛው የእጅ ሰዓቱን አሳያት። "ይቺን ሦስት ሰዓት ሠሪዎች 'አትሠራም' ብለው የመለሷትን አምና ያስነሱልኝ ባለቤትዎ ጋሽ ሽበሺ ናቸው። እሳቸው እኮ ልዩ ነበሩ! እንደ ሌላው ከፍተው አይመለከቱም። ጆሯቸው ላይ ለጠፍ አድርገው ያዳምጡና ሕመሟን ይነግሩኛል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሱቁ መጋረጃ ጀርባ ሰደድ አድርገው ያስቀምጧትና 'ነገ ና' ይሉኛል። እንደሳቸው ያለ እጅ ከየት ይመጣል? አሁን ሱቁን ማን ሊሠራበት ነው?"

ሴትዮዋ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። "የባለሙያው ስም" በሚለው መስመር ላይ የራሷን ስም እስከ አያቷ ጻፈች፤ ፈርማም መለሰችለት።

"ልጄ" አለችው፣ "ባለቤቴ ሲሞቱ ዓይናቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት አልፏቸው ነበር።"