በወጪና ኪሳራ ፈንታ የመጣ ጋን

ዝላታ በሯ ላይ አፈር ስትነፋ የቀድሞ አሠሪዋ ዶብሮሚር የጽጌረዳ ዘይት ሲያወጣበት የኖረውን የአባቱን የመዳብ ጋን ከጋሪ አወረደ። የሙያ ምስጢሬን ሰረቀች ብሎ ከሷት ነበር፤ ዳኛዋ ግን እያወቀ በሐሰት መክሰሱን አረጋግጠው የጠበቃዋን ወጪ እንዲከፍል ፈረዱበት።

«ጥሬ ገንዘብ የለኝም፣ ልጄ። በወጪው ፈንታ ይሄን ውሰጂ። እኔ ባልሠራበት እንኳ አንቺ ዘይት ታወጪበታለሽ።»

«ተቀብያለሁ፣ ጋሼ።»

ደረሰኙን ፈርማ ሰጠችው። ከዚያ ጋኑን ባልዲ በባልዲ አፈር ሞላችና ጄራኒየም ተከለችበት፤ አጭበርባሪዎች ዘይቱን «የጽጌረዳ ነው» እያሉ የሚሸጡትን አበባ።

«ኧረ በማርያም! እዚህ በር ላይ? አበባ ለቃሚው ሁሉ እያየ?»

«አበባ ለቃሚው ሁሉ ሌባ ስትለኝ ሰምቷል፣ ጋሼ።»

እጇን አራግፋ ባዶውን ባልዲ ግድግዳው ሥር ደፍታ አስቀመጠችው።