የጥቁሯ ቄብ የመጀመሪያ እንቁላል

እማማ ኪንቱራይ ነጩን እንቁላል ከሱቅ ያስገዙት ሆን ብለው ነው። አሁን ግቢያቸው ውስጥ ነጭ የሚጥል ዶሮ የለም። የሳቸው ዶሮዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጥሉት ሰማያዊ ነው። ቢሰብሩት የቅርፊቱ ውስጥም ሰማያዊ ነው።

«ነጭ ከሆነ መርዙ ነው ማለት ነው» አሉ። «ማንም አይሳሳትም።»

የልጅ ልጃቸው ማንኬ መርዙን የእንቁላሉ ጫፍ ላይ በበሳው ትንሽ ቀዳዳ ከተተና ቀዳዳውን በነጭ ሻማ ደፈነው።

«ካፒታን ባይሆንስ እማማ? ቀበሮ ቢሆንስ?»

«ቀበሮ ነው የዶሮ ላባ እያንጠባጠበ ኤራስሞ በር ድረስ የሚሄደው?»

ካፒታን የጎረቤታቸው የኤራስሞ ውሻ ነው። ማንኬም አንጀቱ አርሯል። ገብስማዋን ዶሮ ከከተማ ያመጣት እሱ ነበር። ነጭ ነበር የምትጥለው፣ ግን ቀን አትዘልም። ከሰማያዊ እንቁላል ከተፈለፈለው ቀይ አውራ ጋር አዳቀላት። ጫጩቶቹ ገና ሳይደርቁ ይለያሉ፦ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ፣ ነጥብ የሌላት ሴት። ባለነጥቦቹ አድገው ድስት ገቡ። ሴቶቹን ከነእናታቸው ውሻው ጨረሳቸው። የተረፈችው አንዲት ጥቁር ቄብ ናት። ፊቷ ቀልቷል፣ ዛሬ ነገ ልትጥል ነው።

የእናቷን ነጭ ትጣል የአባቷን ዘር ሰማያዊ፣ ማንም አያውቅም። እማማ ግን ቁርጡን ነግረውታል።

«ነጭ ከጣለች አርዳታለሁ። የከተማ እንቁላል የምትጥል ዶሮ አልቀልብም እኔ።»

እንቁላሉን ከዶሮ ቤቱ ኋላ፣ አጥሩ የተቀደደበት ጋ፣ ጭድ ላይ አስቀመጡት።

«ለሊካን እንንገራት?» አለ ማንኬ።

«አብደሃል? ለሷ ነግረህ ኢርማ ጆሮ ሳይደርስ ሊያድር ነው? ኢርማ የኤራስሞ ልጅ፣ የሷም ጓደኛ ናት እኮ። ውሻውን አስረው ቁጭ ይላሉ።»

ሊካን የማንኬ ታናሽ እህት ናት። አመሻሹ ላይ ከአዳሪ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ መጣች። ከበሩ ጀምሮ መጮህ ጀመረች።

«የታለች ሙሽራዋ? ጣለች?»

«ገና ነች።»

«እንዲህ አፍጥጠህ እያየሃት እንዴት ትጣል? አፍራ ነው! አንተው ገብተህ ተቀመጥ፣ ሳትቀድማት አትቀርም።»

ቦርሳዋን ወርውራ ቄቧን ልታይ ወደ ዶሮ ቤቱ ሮጠች። ማንኬ ብድግ ሲል እማማ በአይናቸው መለሱት።

ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ አልመጣችም። ስትመጣ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ወሽቃ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቅ ትታገላለች።

«ምን ያስቅሻል?» አለ ማንኬ።

«አንተ። ፊትህ ራሱ ያስቃል።»

«ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«እስክሪብቶ ፈሶብኝ ነው። ፖሊስ ነህ እንዴ?»

እማማ ከሽመናቸው ቀና አላሉም። በረንዳው ላይ ሰማያዊ ቀለም የነከሩት ሱፍ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ይላል።

ጠዋት ማንኬ አጥሩ ጋ ሄዶ አየ። ጭዱ ባዶ ነው።

«ሄዷል» አላቸው በሹክሹክታ።

«እሰይ» አሉ እማማ። ጆሯቸውን ወደ ኤራስሞ ቤት ጣሉ። ለቅሶ የለም፣ ጩኸት የለም። «ቆይ፣ ይሰማል።»

ማንኬ ለዶሮዎቹ እህል ሊበትን ገባ። ከዚያ ድምፁ ተሰማ፣ እንደ ልጅ ይጮሃል። ሲወጣ በሁለት እጁ ታቅፏታል። እንቁላል፣ ያውም ሰማያዊ።

«ጣለች! እማማ፣ ጥቁሯ ጣለች!» አይኑ እንባ ሞልቷል።

እማማ ተቀብለው አገላበጧት። «ጠቆር ትላለች።»

«የመጀመሪያዋ አይደል፣ ትጠራለች» አለ ማንኬ። «ጫፏ ላይ ብቻ ነጭ ነጥብ አለ።»

«አናቱ ላይ ነጥብ ካለውማ ወንድ ነው!» አለች ሊካን። «ወደ ድስት!»

እማማ እንኳ ሳቁ። ገብስማዋ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

«ይጠጧት እማማ» አለ ማንኬ። «የመጀመሪያዋ የእርስዎ ናት።»

ሊካን አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ይቺ ዶሮ» አሉ እማማ፣ «እኔ በህይወት እስካለሁ ማንም ቢላ አያሳያትም።»

ሊካን አፏን ገጠመች።

እማማ እንደ ልማዳቸው ጫፏን በመርፌ በሱና በጥሬው ጨልጠው ጠጧት። ባዶውን ቅርፊት ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። አፋቸውን ጠረጉ፣ ፊታቸውን ትንሽ ኮሶ እንደቀመሰ ሰው አጨማደዱና ጋደም ልበል ብለው ገቡ።

ብዙ አልቆየም፣ አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ካፒታን በቀዳዳው ሾልኮ ገባ። ጭራውን እየቆላ መጥቶ የሊካንን ሰማያዊ ጣቶች ላሰ።

ማንኬ በህይወት ያለውን ውሻ አፍጥጦ አየው።

«ምነው? ውሻ አይተህ አታውቅም?» አለች ሊካን። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለችም። ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «ወይ ማንኬ! ወይ ሞኙ ወንድሜ! ኧረ ቅርፊቱን ሰብረህ እየው!»

ማንኬ ቅርፊቱን ከምድጃው ጠርዝ አንስቶ መዳፉ ላይ ጨመቀው።

ውስጡ ነጭ ነበር።