መብራት የጠፋ ዕለት

ጎረቤቴ አውራ ጣት የምታህል፣ ቁልፍ ላይ የምትንጠለጠል፣ ቻርጅ የምትደረግ የእጅ ባትሪ ገዛ። ሚስቱ አስካለ፣ «እስከ ቅዳሜ ካልጠቀመችን ወደ ሱቋ ትመለሳለች» ብላ ቆረጠች። በየቀኑ ይጠፋ የነበረው መብራት ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠፋ ሰነበተ። ሰውዬው በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲሞክራት ደረስኩና፣ «ምነው ወዳጄ፣ እንቁላል ታቅፈህ ነው?» ብለው አኮረፈኝ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ግቢያችን ድንገት ጨለመ።

«ጠፋ!» እያለ በደስታ ወጣ። የእኔን ነጠላ ጫማ እንኳ እያበራ ፈልጎ ሰጠኝ። «አስኩ! አሁንም ትመለስ ትያለሽ?»

ቀና ብል ከአጥሩ ማዶ የሰፈሩ መብራት ሁሉ እንደበራ ነው። በዚያው ጭላንጭል አስካለ ታየችኝ፤ አንድ እጇን የግቢው ቆጣሪ ማጥፊያ ላይ አሳርፋ ሳቋን አፍናለች። ስታየኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።