የቻምበርስ ሮድ መርከብ

ባሕር በሌለበት በኮሎራዶ ከሚኖሩ ሐበሾች መሀል መርከብ በመውደድ ሀብቱንና ጌጥነሽን የሚስተካከል አልነበረም። በየዓመቱ የቫለንታይን ሰሞን ከሚኖሩበት ከኦሮራ ማያሚ ድረስ ይበሩና ክሩዝ የሚባለውን የሽርሽር መርከብ ይሳፈራሉ። ክፍሉ የሚሸጠው ለሁለት ሰው ነው። ሀብቱ አልጋው ለሁለት እንዲከፈል አስቀድሞ ያስታውቃል። ሲያንኮራፋ ለጉድ ነው።

መርከቡ ላይ የጥንዶች ውድድር አለ። ጌጥነሽ በልጅነቷ ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀች ሀብቱ ያውቃል፤ እሱ ሦስተኛ ክፍል ስንተኛ እንደወጣ እሷ አትረሳም። አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፉ። «ሚስተርና ሚስስ ወልደሚካኤል» ተብለው ሻምፓኝ ተሸለሙ። ጴንጤዎች ናቸውና ሻምፓኙን ለጎረቤት ጠረጴዛ ሰጡት።

በጃንዋሪ 2007 ግን ጌጥነሽ «ዘንድሮ አልሄድም» አለች።

«ለምን?»

«ከሥራ ኦፍ አልሰጡኝም።»

ሀብቱ ግሌንዴል ሰፈር አብራት የምትሠራውን ሊዲን ጠየቃት። «ኧረ ኦፍ አልጠየቀችም» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ሀብቱ እንቅልፍ አጣ። ጌጥነሽ ስልኳ ሲጮህ ደረጃው ላይ ወጥታ ማውራት ጀመረች። ማታ ማታ ከሥራ የሚያመጣት የስቴፕልተን ሰፈሩ ግዛው ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወተው። መኪናውን ፓርክ ካደረገ በኋላ እንኳ ሃያ ደቂቃ ሳትወርድ ትቆያለች። ሀብቱ በመጋረጃው ጥግ ያያል። ተናደደ፤ ከንዴቱ ይልቅ ፍርሃቱ ባሰበት። ያለ እሷ ክሩዝ የለም።

ፊት ለፊት ሊጠይቃት አፉ አልታዘዝ አለው። ስለዚህ «ክሩዝ ለሚወዱ ጥንዶች የቫለንታይን ሐሳቦች» የሚል ገጽ ከኢንተርኔት ፕሪንት አደረገ። በሻማ ብርሃን መሳሳም የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘ። የቀረውን አንድ በአንድ ሊፈጽም ቆረጠ።

ፌብሩዋሪ 14 ማታ ጌጥነሽ ስትገባ የቻምበርስ ሮዱ ቤታቸው ሳሎን መርከብ ሆኖ ጠበቃት። ሶፋው ሰማያዊ አንሶላ ለብሷል። መርከቡ ላይ እንደሚደረገው ፎጣው ተጣጥፎ ዳክዬ ሆኗል፤ ዳክዬ ነው የሚለው እንኳ ሀብቱ ብቻ ነው። ከቴፑ የማዕበል ድምፅ ይወጣል። እሱ ራሱ ነጭ የካፒቴን ኮት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከመስጠም የሚያድን ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አጠለቀላት።

ጌጥነሽ ዙሪያውን አየችና አለቀሰች።

«ሀብቴ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«እንዳትሄጂብኝ ነዋ። ግዛው እንደሆነ ውኃ ይፈራል። ምን ያደርግልሻል?»

ጌጥነሽ እንባዋን ጠረገች። «ዛሬ ሰዎች ይመጣሉ» አለች። «እነሱ ይንገሩህ።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። ከፊት አቶ ሓየሎም ነበሩ፣ ታክሲ የሚነዱት። ሽማግሌ ከገባበት ነገሩ ከሀብቱ እጅ ወጥቷል ማለት ነው። ቢሆንም የመርከብ ሥርዓት ሥርዓት ነው ብሎ ለሦስቱም ላይፍ ጃኬት አደለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ለበሱ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» አሉ አቶ ሓየሎም፣ ከጃኬቱ ማሰሪያ ጋር እየታገሉ።

«እንግዲያው ይናገሩ። ጌጤ ከእኔ ልትለይ ነው አይደል? ስንት ዓመት አብረን ኖረን፣ አብረን ተጉዘን…»

አቶ ሓየሎም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መለየቱስ አይቀርም፤ እኛም የመጣነው ጌጥነሽን ለልጃችን ለግዛው እንድትድርልን ነው፤ አባቷ በሕይወት ስለሌሉ የምንለምነው አንተን ታላቅ ወንድሟን ነው።»